ፀሐዩ ገነነ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገነነ፤

ደህና መሆንህን ሚኒባስ ነጂው ስመኘው ነግሮኛል፤ እንዲያውም ወፍሯል አለኝ። ስለዚህ የጤናውን ጥያቄ ልዝለለውና አንተ ወደ ጠየቅከኝ ልግባ። አዎ፣ ማተሚያ ቤቱ መልሶልኛል።

የባሕር ዳር ሰዎች የአባቴን መጽሐፍ አልጠሉትም፤ የጠሉት ፎንቱን ነው። «ይህ ፊደል ባለቤት አለው፤ የገዛችሁበትን ፈቃድ አምጡ፣ አለዚያ በሌላ ጻፉት» አሉኝ። ፈቃዱን ከየት ላምጣ? ያን ፎንት ከሰው ፍላሽ ስገለብጥ አንተም አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። እዚህ ከተማ የሠርግ ጥሪውም፣ የዕድር ደንቡም፣ የክስ ማመልከቻውም በሱ ነው የሚጻፈው። ባለቤት ይኖረው ይሆን ብሎ ያሰበ ሰው አላውቅም።

በነጻ የሚገኙትን ሞከርኳቸው። አንዱ መልኩ ያምራል፣ የድሮ መጽሐፍ ይመስላል፤ ግን ሰፊ ስለሆነ ቅኔው ከመስመሩ ያልፋል። ሌላው መስመሩን ይጠብቃል፤ መልኩ ግን ከባንክ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ላሳንሰው ስል ደግሞ ሽማግሌዎቹ አያነቡትም። አንተ የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንክ «አንዲት ቃል ወደ ታች ብትወርድ ምን አለበት» ትል ይሆናል። የመሪጌታ አድማሴ ልጅ ግን እንዲህ አትልም። የቅኔው የመጨረሻ ቃል ብቻዋን ከታች ከወደቀች አንባቢው ሰሙን ይዞ ወርቁን ትቶ ይሄዳል።

የአባቴ ሙት ዓመት ጥር ላይ ነው። መጽሐፉ ያን ቀን ለካህናቱና ለተማሪዎቻቸው ካልታደለ ከዚያ በኋላ ለኔ ትርጉም የለውም። ረቂቁን አደራ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እሳቸው እየነገሩኝ፣ እሳቸው ባስተማሩኝ የመቃ ብዕር ከማግባቴ በፊት የጻፍኩት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። እርማቱን ከሱ ጋር እያመሳከርክ ቶሎ ላክልኝ። በስልክ ይሁን ያልከውን አልቀበልም። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቄ ጠባብ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰሞኑን ድምፄን ዝቅ ማድረግ እያቃተኝ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ለምን እንደተውክ አልጠየቅኩህም። አልጠይቅህምም።

ያምሮት


ቡሬ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ያምሮት፤

ስመኘው ወፍሯል ካለሽ ዓይኑን ይታከም። የምበላው የሆቴል ሽሮ ነው።

«ማናት?» ብለሽ በሱ አፍ የላክሽብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። መናኸሪያ መሃል፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ ነው የጠየቀኝ። መታሰቢያ ትባላለች። እኛ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ቤተሰቦቿ አዊ ናቸው፤ ከቡሬ ወጣ ብለው ያርሳሉ። ፊደል መሣል የጀመረችው በአዊኛ ስትጽፍ «ጘ» የምትባለዋ ፊደል በየፎንቱ ባዶ ሣጥን እየሆነች ስላስቸገረቻት ነው። ጘን ብቻ ሥዬ ልተወው ብላ ጀምራ አሁን ሙሉውን ገበታ ይዛዋለች። ስትጨርስ በነጻ ትለቀዋለች። ማንም አውርዶ ይጽፍበታል፣ ያትምበታል፣ ፈቃድህን አሳየኝ የሚለው የለም። ለማተሚያ ቤቱ መልስ የሚሆነን ይሄ ነው ብዬ ነው ያማከርኳት።

ፊደሉን ስታዪው ትወጂዋለሽ። አንገቱ ረዘም፣ እግሩ ሰብሰብ ያለ የቁም ጽሕፈት ነው። ከመሪጌታ ቅኔዎች ረጅሙን ጻፍንበት፤ አንዲትም ቃል አልወደቀችም። አትሳቂብኝና፣ ፊደል አይቼ ልቤ ሲመታ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ገጽ ናሙና ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ያየሽውን እንከን ሁሉ ንገሪኝ፤ ዓይንሽ ከማንም ይበልጣል።

ቅዳሜ የማልመጣው መታሰቢያ ጊዜ የሚኖራት ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ ነው። እሷ ትሥላለች፣ እኔ እርማቱን እዚያው እሠራለሁ። አልጠይቅም ብለሻል፤ እኔ ግን ሳትጠይቂኝ መለስኩ።

ያንቺው ገነነ


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገነነ፤

ናሙናው ደረሰኝ። ለገዛ ሚስቱ የሌላ ሴት የፍቅር ቃል በፖስታ አሽጎ «እንከኑን ንገሪኝ» የሚል ባል አንተን አየሁ።

ከገጹ አናት በትልቁ የተጻፈውን መልሼ ልገልብጥልህ፦ «ጭጋጉ ጠፋ፤ ዝናቡ ቆመ፤ ፀሐዬ ገነነ።»

ያደግኩት ቅኔ ቤት ነው። የሰው ልጅ ሰላም ለኪ ሲለኝ እንኳ ወርቁ የት አለ ብዬ ነው የምፈልገው። ይህ ደግሞ መፈለግም አላስፈለገው። ጭጋጉ እኔ ነኝ፤ ጠፋሁላት። ዝናቡም እኔው ነኝ፤ ሳለቅስ ሰምታ ይሆናል። እኛ ገለል ስንልላት የሷ ፀሐይ ገነነ! ስምህን በሰም መሸፈን እንኳ አልፈለገችም። ልብህ የመታው ለዚህ ነው? እኔም ብሆን ይመታልኝ ነበር።

«ፀሐዩ ነው» ልትለኝ እንደምትችል አውቃለሁና አስቀድሜ ልዝጋብህ። ካዕቧ ዩ ከእግሯ ሥር የምትወጣ ቀጥ ያለች ጭረት አለቻት። ኃምሷ ዬ ግን ቀለበት አላት። እዚህ ላይ ያለው ቀለበት ነው። በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት፤ ቀለበት ነው። ጭረት በሚገባበት ቦታ ቀለበት ያጠለቀችልህ ሴት የምታደርገውን ታውቃለች። ጎጃም ውስጥ ተወልዳ፣ ያንን የማያውቅ ሰው ያነበዋል ብላ ነው?

የኔና ያንተን ቀለበት መሪጌታ አድማሴ ባርከውታል። የሷን ማን ባረከው?

ያምሮት


ቡሬ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያምሮት፤

ኧረ በስመ አብ! «ፀሐዩ» ነው። ሰማይ ላይ ያለው ፀሐይ። መታሰቢያ ዓረፍተ ነገሩን የመረጠችው ጭን፣ ጠን፣ ፀን፣ ሐን አንድ ላይ ለመፈተን ነው። ስሜ እንደገባበት እኔም ልብ አላልኩም። ያንቺን ትርጓሜ ሳነብላት ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች።

ስለዚያች ዩ የጠየቅሽኝን ግን አሁን አልመልስልሽም። ምክንያት አለኝ፤ ጊዜው ሲደርስ ትሰሚዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ፊደሉን አትስደቢው። በኋላ ትጸጸቻለሽ።

ጤፉን ስመኘው እንዲያደርስልሽ ነግሬዋለሁ።

ገነነ


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ገነነ፤

ደብዳቤዬን አነበብክላት። ሳቀች። ከወንበሯ ወደቀች። ማን አነሣት?

ጤፉ ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አትስደቢው ስላልከኝ ቁጭ ብዬ ፊደሏን አንድ በአንድ አየሁት፤ ስድብ ሳይሆን እውነት ልጽፍልህ። ጨ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የቆመች ጠበኛ ናት። ሐ እግሯን የዘረጋችው ጎረቤቷ ላይ ነው፤ ቦታ መልቀቅ አታውቅም። ወ ጠባብ ናት፣ ሰው አታስጠጋም። መ ላይ ብዕሩን ጨክና ተጭናዋለች። ይህን ፊደል ያወጣች ሴት ችኩል ናት። ኩራት አለባት። ተናዳም ቢሆን ማቆም አታውቅም፤ መስመሩን ሳትጨርስ ብዕር አታነሣም። የኔ ነው ያለችውን ሞታም አትለቅም። እንዲህ ያለችውን ሴት ከወደድክ እግዚአብሔር ይርዳህ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፤ ያምራል። የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። አስቀያሚ ቢሆን ስቄ እተወው ነበር። የአባቴን ቅኔ በዚያ ፊደል ሳነበው ድምፃቸውን የሰማሁ መሰለኝና አለቀስኩ፤ በሷ ፊደል ያለቀስኩ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ወረቀቱን ቀደድኩት። አባቴን እንኳ ከኔ አሳምራ ልትጽፋቸው ነው?

ሱቁን ዘግቼ ማንኩሳ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ለሙት ዓመቱ ስትመጣ እንደ አማች ትመጣለህ፤ ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤታችን የምመለስበት ምክንያት ካለ አንተ ጻፍልኝ። በራስህ ቃል ጻፈው፤ በሷ ፊደል አይሁን።

ያምሮት አድማሴ


ቡሬ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔዋ ያምሮት፤

ችኩል ናት ያልሻት፣ ኩራት አለባት ያልሻት፣ የኔ ያለችውን ሞታም አትለቅም ያልሻት ሴት አንቺ ነሽ።

ፊደሉ ያንቺ እጅ ነው። ከጘ በቀር መታሰቢያ ከራሷ ያወጣችው ምንም የለም። ክረምት ላይ ረቂቁን ለእርማት ይዤ ስመጣ በአጋጣሚ አየችው። «ይህን የጻፈው ማነው? የትኛው ገዳም ነው ያለው?» አለችኝ። «ሚስቴ ናት፤ ያለችው ፍኖተ ሰላም ነው፣ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጋ» ብላት አላመነችኝም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ፊደል ከገጹ ላይ ፎቶ እያነሣች፣ ካንዱ ሀ ሌላውን ሀ እያማረጠች ስትገለብጥ ቆየች። ያቺ ዩም ያንቺው ናት። ረቂቁ ውስጥ ያለችው ዩ ሁሉ እንዲያ ናት፤ ጭረቷን ስትጨርሺ ብዕሩን ጠምዘዝ ታደርጊዋለሽ፣ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱን ያጠለቅሽው አንቺው ነሽ።

ለምን ደበቅኩሽ? ሙት ዓመቱ ላይ መጽሐፉን ስትገልጪ በራስሽ እጅ ተጽፎ እንድታገኚው ፈልጌ ነበር። ሞኝነቴ ነው። አንቺን ለማስደሰት ብዬ እንዲህ አነደድኩሽ። ፊደሉ በነጻ ይለቀቅ ወይ? እጁ ያንቺ ነውና አንቺ ንገሪኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ከመዋሸት ይሻላል። ቅዳሜዎቹ ደስ ይሉኝ ነበር። መታሰቢያ አይታሽ አታውቅም፤ ግን ገጹን እያየች «እዚህ ላይ ተናዳ ነበር»፣ «እዚህ ብዕር ቀይራለች»፣ «ይህችን መስመር ስትጽፍ ስቃለች፣ እጇ ተንቀጥቅጧል» ትለኛለች። እኔ አብሬሽ ስኖር ልብ ያላልኩትን እሷ ከቀለም ታነብበዋለች። ቅናት ያዘኝ። የኔን ሚስት ከኔ በላይ ታውቃት ይሆን እያልኩ ነበር የምቀመጠው። ላጣራ ስል ደግሞ ሌላ ቅዳሜ ይሄድብኛል።

ተመለሺ የምልበት ምክንያት ይሄ ነው። በራሴ ቃል ጽፌዋለሁ።

ገነነ


ማንኩሳ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገነነ፤

አልታረቅኩም። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ፤ ደብዳቤህን ያነበብኩላቸው እናቴ እትዬ አስካለ ማርያም በሳቅ ሞተው ወደ መታረቁ ሊገፉኝ ስለሆነ ነው። «ኧረ ይኸ ምንድር ነው! በገዛ እጅሽ ቀናሽ እንዴ አንቺ?» ይሉኛል። «ያቺን ዩ እኮ አባትሽ ስንት ጊዜ ገሥጸውሽ፣ እንቢ ብለሽ!» እውነታቸውን ነው። ገሥጸውኛል። ኮምፒውተር ከነካሁ ወዲህ እጄ ፊርማ ካልሆነ ቀለም አያውቅም፤ መልኩን ረሳሁት። ራሴን በመንገድ ሳላውቅ እንዳለፍኩ ነው የተሰማኝ።

ግን በከንቱ ቀናሽ አትበለኝ። እጄን ወስደህ ሌላ ሴት ፊት ዘረጋኸው። የት እንደተናደድኩ፣ የት እንደሳቅኩ ተቀምጣችሁ ተጫወታችሁበት። አንዴ እንኳ «ያምሮት፣ ይህን ላሳይ ወይ?» አላልከኝም። ያቺ ሴት የሳቅኩባትን መስመር ታውቃታለች። አንተ ታውቃታለህ? ለምን እንደሳቅኩስ? ልንገርህ፦ አባቴ ቅኔውን እየነገሩኝ ሳለ አንተ ለመጀመሪያ ጊዜ በራችን ላይ ቆመህ ጫማህን ማውለቅ ረስተህ ገብተህ ነበር። እሷ በቀለም አገኘችው፤ አንተ እዚያው ቆመህ አላየኸውም።

መጽሐፉ በዚያ ፊደል ይታተም። ለአባቴ ነው፤ ቅሬታዬን እሳቸው ላይ አላወርድም። ዩዋ ግን ትስተካከል። ቀለበቱ ይነሣና ጭረት ይግባ፤ በኔ ግትርነት የአባቴ ሰም ሌላ ወርቅ እንዲወልድ አልፈልግም። በነጻ ይለቀቅ ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ፦ አሁን ነው የጠየቅከኝ? ይለቀቅ። የሷም ድካም አለበት፤ የአዊ ልጆችም ጘ ያስፈልጋቸዋል።

እኔ ግን ማንኩሳ ነኝ።

ያምሮት


ቡሬ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያምሮት፤

ሙት ዓመቱ ላይ ሳህን ስታቀብዪኝ እንኳ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። መጽሐፉን ካህናቱ ሲሳለሙት ግን አይቼሻለሁ፤ ዞር ብለሽ በነጠላሽ ፊትሽን ስትሸፍኚ። ልጠጋሽ ብዬ እናትሽ በዓይናቸው «ተዋት» አሉኝ። ተውኩሽ።

ሱቁን መክፈትሽን ከስመኘው ሰማሁ። ለኔ አልነገርሽኝም፤ ይሁን።

አሁን የምጽፍልሽ ስለጨነቀኝ ነው። ፎንቱ ከተለቀቀ ወዲህ እጅሽ የሌለበት ቦታ የለም። መራዊ ከተማ አንድ የእህል ነጋዴ በሩ ላይ «ዱቤ የለም» ብሎ በእጅሽ ለጥፏል። ይህንን ቻልኩት፤ አባባሉም ያንቺ ይመስላል። ከሽንዲ ከተማ የሠርግ ጥሪ ደረሰኝ፣ «መታደማችሁ ለደስታችን ሙላት ነው» ይላል፤ አንቺ የጋበዝሽኝ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ቻልኩት። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የስፖርት አስተማሪ ባልደረባችን «እርማት እይልኝ» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ለማንኛዋ እንደሚልከው አላውቅም። «ዓለሜ፣ ካንቺ ሌላ ዓይኔ አያይም» ይላል። በእጅሽ! «ሜ» ላይ እንኳ ያው ጨክኖ የተጫነ ብዕርሽ አለ። አንድም ቀን «ዓለሜ» ብለሽ ያልጻፍሽልኝ ሴት ለማታውቂው ሰው ስትጽፊ አነበብኩ። «ነጠላ ሰረዙ ልክ አይደለም» ብዬ መለስኩለት። ነጠላ ሰረዙ ልክ ነበር።

ይህን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ አውቃለሁ። ሰው ሚስቱን በቤቱ ይሸሽጋል እንጂ እንደኔ ለአገር ሁሉ አያድልም። መመለስ ይቻላል ወይ? መታሰቢያን ልጠይቃት ብል ፈቃድ ወስዳ ሄዳለች፤ የት እንደሄደች የሚነግረኝ የለም። ቅዳሜ ሲመጣ የምሄድበት አጣሁ። ካንቺም የለሁ፣ ከፊደልሽም የለሁ። ቀንቻለሁ ያምሮት። በማን እንደሆነ እንኳ አላውቀውም፤ በሁሉም ነው።

ገነነ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገነነ፤

መታሰቢያን ያጣሃት እኔ ጋ ስላለች ነው። እኔ ነኝ የጠራኋት። ረቂቁ ውስጥ ያልነበሩ ፊደሎች አሉ፤ አባቴ በአዊኛ ስላልተቀኙ ጘን ከየትም አላገኘቻትም፤ እስካሁን በግምት ነበር የሣለቻት። አሁን መቃ ቀርጬ፣ ቀለም በጥብጬ፣ እሷ እያየችኝ ጻፍኳት። መጀመሪያ የጻፍኳቸውን ቀደድኳቸው፤ ከዚያ እጄ ለቀቀልኝ። ደፈር ያለውን የርዕስ ፊደልም ጀምረናል።

ስለሷ ሁሉንም ጽፈህልኛል፤ አንድ ነገር ብቻ አስቀርተሃል። ቆንጆ ናት። ጥርሷን ታውቀዋለህ። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት መስመር ስለመልኳ አለመኖሩን ሳየው ዳግም ተነሣብኝና ገና ሳትቀመጥ «ባሌን ትወጂዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። አልሳቀችም። «እሱ ስለ አንቺ ብቻ ስለሚያወራ ሌላ ወሬ የሌለው ሰው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው አብረን የሳቅነው። አሁንም ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። አንተንም አላመንኩህም። ተፈጥሮዬ ነው፤ ከጽሕፈቴ አንብቤዋለሁ።

መመለስ ይቻላል ወይ ላልከኝ፦ አይቻልም። ይህንንም መታሰቢያን ጠይቄያታለሁ። በነጻ የተለቀቀ ፊደል አንዴ ሰው ካወረደው «መልስልኝ» አይባልም። የስፖርት አስተማሪው ያግባ፣ ነጋዴው ዱቤ ይከልክል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ እኔም ተናድጄ ነበር። ትናንት ግን አንዲት ልጅ ሱቄ መጥታ የሥራ ማመልከቻ አስጻፈችኝ። በዚያው ፊደል ጻፍኩላትና ስታነበው ቀና ብላ ቆመች። በገዛ እጄ የጻፍኩላት ያህል ኮራሁ። ፊደሉን ለሁሉም ሰጥቼ ምንም አልጎደለብኝም። የጎደለብኝ ሌላ ነው።

አንተ ስትቀና ግን እንዴት ደስ አለኝ! ደብዳቤህን ለመታሰቢያ አላነበብኩላትም። እኔ እንዳንተ አይደለሁም። ብቻዬን ደጋግሜ አነበብኩት። «በማን እንደሆነ አላውቀውም፤ በሁሉም ነው» ያልክበት ላይ ስደርስ ኅዳርን በሙሉ እንዴት እንደከረምኩ ገባህ ብዬ አሰብኩ።

«ዓለሜ» ብለሽ አልጻፍሽልኝም ብለሃል። አልጽፍልህም። እሷን ያ አስተማሪ ወስዷታል፤ ነገ ሌላውም ይወስዳታል፤ በእጄ ያልተጻፈ የፍቅር ቃል አይቀርም። እኔ ለማንም ያልጻፍኳት አንዲት ቃል ቀርታኛለች። ከተጋባን ጀምሮ አንተ ትመጣለህ ወይም አትመጣም እንጂ ጠርቼህ አላውቅም፤ ኩራቴ ከለከለኝ። ዛሬ እሷን ጻፍኳት።

ና።

ያምሮት